ዳባት ላይ ውሃ በስንት ይፈላል?

አክስት፦ መጽሐፍህ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ነው የሚለው አይደል? ያቺ ያመጣሃት ቴርሞሜትር 91 ላይ ደርሳ ቀጥ አለች። ማገዶ ብማግድ፣ እፍ ብል፣ ብቆሰቁስ ንቅንቅ የለም። እንግዲህ ወይ መጽሐፉ ዋሽቷል፣ ወይ ቴርሞሜትሯ ሰክራለች። አረቄ ቤት ገብታ ብትሰክር አይፈረድባትም።

መምህር፦ ሁለቱም አልዋሹም፣ አክስቴ። መጽሐፉ «በባሕር ጠለል» የምትል ነገር አለችው፤ ተማሪ ሲሸመድድ ይዘላታል፣ መምህርም ሲጠይቅ ይዘላታል። ዳባት ከባሕር ጠለል 2600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው 91 አካባቢ ነው። ደባርቅ ወጣ ቢሉ ከዚህም ዝቅ ይላል፤ ጎንደር ላይ 93፣ መተማ ወርደው ቢጥዱ ደግሞ 98 ይጠጋል። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ስለሆነ ከ100 በጥቂቱ ያልፋል።

አክስት፦ ባሕር የሌለው አገር ልጅ በባሕር ልክ ይፈተናል በለኛ። የእናቱን ድስት አይቶ 91 ብሎ የጻፈውን ልጅ ምን ታደርገዋለህ?

መምህር፦ የመልሱ ቁልፍ 100 ስለሚል ኤክስ ነው የሚያገኘው። ለዚህ ጠበቃ አልቆምም። ነገር ግን ጥፋቱ የአጠያየቁ እንጂ የሐሳቡ አይደለም። ሐሳቡ የገባው ልጅ 91ን መሸምደድ አያስፈልገውም፤ ከፍታውን ይንገሩት፣ ራሱ ያወጣዋል።

አክስት፦ ከየት ያወጣዋል?

መምህር፦ ውሃ ከምን እንደተሠራ ከማወቅ። ውሃ ዐይን የማያያቸው ቅንጣቶች ክምችት ነው፤ ሞለኪውል እንላቸዋለን። እያንዳንዷን ሁለት የሃይድሮጅንና አንድ የኦክስጅን አተም ተያይዘው ሠርተዋታል። ሁለት ጠባይ ብቻ ይያዙልኝ፤ አያርፉም፣ ይሳሳባሉ። ብርዱ ሲበረታ መሳሳቡ ያሸንፍና በየቦታቸው ተይዘው ይንዘፈዘፋሉ፤ ያ በረዶ ነው። ሙቀት ሲገባቸው ሳይለያዩ አንዷ በሌላዋ ላይ ትንሸራተታለች፤ ያ ውሃ ነው። ከዚያ ሲብስ ጥለው ይወጣሉ፤ ያ እንፋሎት ነው። ከድስቱ ሥር አረፋ የሚነሣው ያመለጡት ተሰብስበው ከላይ የተጫነውን አየር መግፋት ሲችሉ ነው። አየር ክብደት አለው። እኛን እዚህ የሚጫነን አየር በባሕር ጠለል ከሚጫነው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። የሚገፋው ሸክም ሲቀልለት አረፋው 100 እስኪደርስ አይጠብቅም።

አክስት፦ ያማረ ወሬ ነው። እኔ ደግሞ ያለ አተም የማውቀውን ልንገርህ። ባቄላ እዚህ ከመተማ ይልቅ እንደሚዘገይ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ የተመለሰ ሁሉ ያውቃል። ውሃው አንዴ ከተንተከተከ ወዲያ ማገዶ መጨመር ከንቱ መሆኑን ከእናቴ ተምሬያለሁ። እሳቱን አበርድና ክዳኑን እገጥማለሁ።

መምህር፦ ለምን ከንቱ እንደሆነ ግን እናትዎ አልነገሩዎትም።

አክስት፦ ለምኑ ይበላል?

መምህር፦ ይበላል እንጂ፤ ማገዶ ይበላል። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ከሚፈጀው ሙቀት ይልቅ፣ ፈልቶ ተንኖ እስኪያልቅ የሚፈጀው ወደ ሰባት እጥፍ ነው። ያ ሁሉ እሳት ቴርሞሜትሯን አንዲት ዲግሪ አያነሣትም፤ ቅንጣቶቹን ከመሳሳባቸው ለማላቀቅ ይውላል። ባቄላው የሚያገኘው ያቺኑ 91 ነው። ከድስቱ አፍ የሚወጣው እንፋሎት ማገዶዎ ነው ማለት ነው። እንፋሎት አፍኖ የሚያበስለው ብረት ድስት የሚያፈጥነውም ግፊቱን ጨምሮ ያቺን ዲግሪ ከፍ ስለሚያደርጋት ነው።

ይህ በዳባት ብቻ የሚሆን አይደለም፤ በ1835 እ.ኤ.አ. ዳርዊን የሚባለው እንግሊዛዊ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስን ተራሮች ሲያቋርጥ የተጣደው ድንች አልበስል አለ። እሳት ላይ አደረ፣ ጠዋት እንደገና ፈላ፣ ድንቹ ያው ነው። አብረውት የነበሩት ሁለት ሰዎች መከሩና ምክንያቱን ደረሱበት፦ ድስቷ አዲስ ስለሆነች ድንች መቀቀል አልፈለገችም።

አክስት፦ አትሳቅባቸው። አዲስ ሸክላ ድስት ሳይሟሽ ቢጣድ ጣጣ አለው። እነሱም የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። ያንተ ምክንያት ከነሱ ምክንያት በምን ይሻላል?

መምህር፦ የነሱ እዚያው ድስት ላይ ይቀራል፤ የእኔ ከድስቱ ወጥቶ ይሄዳል። በ1648 እ.ኤ.አ. ፓስካል የሚባል ሊቅ የእህቱን ባል ሜርኩሪ ያለበት የመስታወት ቱቦ አስይዞ ፈረንሳይ አገር ተራራ አስወጣው። ሲወጣ ሜርኩሪው ዝቅ አለ። እዚያ ድስትም ድንችም አልነበረም፤ የቀለለው አየሩ ነው። ኋላ ተጓዦች ነገሩን ገልብጠው ውሃ እያፈሉ፣ ቴርሞሜትር እየነከሩ የተራራ ከፍታ ለኩበት።

አክስት፦ እሱማ የአየርን ክብደት አስረዳ። አተሙ የት አለበት? አየር ይጫናል በል፣ ሸክሙ ሲቀል ውሃ ቶሎ ይፈላል በል፣ በቃ። ቅንጣቷን ለምን ጨመርካት?

መምህር፦ ለዚህ ድስት ብቻ ቢሆን ባልጨመርኳት። ግን ወደ ሙያዎ እንሂድ። ድፍድፉን ጥደው፣ አፉን በጭቃ መርገው፣ መቃውን ሲሰኩ መጀመሪያ የሚወርደው ምንድን ነው?

አክስት፦ ኃይለኛው። ክብሪት ብትጭርበት በሰማያዊ የሚነደው። እየቆየ ይቀጥናል፤ መጨረሻው ውሃ ውሃ ይላል። ያኔ እቆርጠዋለሁ።

መምህር፦ የአልኮል ቅንጣቶች እርስ በርስ የሚያዙት ከውሃ ላላ ብለው ነው፤ ስለዚህ ቀድመው ያመልጣሉ። መጽሐፉ 78 ይላል፤ በዳባት አየር 71 ገደማ ላይ ይፈላል። ውሃው ገና 20 ዲግሪ ይቀረዋል።

አክስት፦ ቆይ፣ ቆይ። እንዲያ ከሆነ 71 ላይ አልኮሉ ብቻውን ወጥቶ ማለቅ፣ ውሃው እታች መቅረት ነበረበት። እኔ ታዲያ ለምን ዳግም አወጣለሁ? ቴርሞሜትርህን ድፍድፌ ውስጥ ክተታትና እያት፤ 71 ላይ ይፈላ እንደሆነ።

መምህር፦ አይፈላም። ከ80 በላይ ነው የሚፈላው። እዚህ ላይ የተማሪው መጽሐፍ አይበቃም። «እያንዳንዱ ነገር የራሱ መፍያ ነጥብ አለው» የምትለዋ ሕግ ለብቻው ለተቀመጠ ነገር ናት። ሲደባለቅ የአልኮሏ ቅንጣት በውሃ ተከብባ ትያዛለች፤ የውሃዋም አብራ ታመልጣለች። በእንፋሎቱ ውስጥ የአልኮሉ ድርሻ በድፍድፉ ውስጥ ካለው ይበልጣል እንጂ ንጹሕ አይሆንም። ዳግም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ደጋግመው ቢያወጡትም ወደ 96 በመቶ ሲደርስ ያቆማል፤ እንፋሎቱና ፈሳሹ እኩል ድርሻ ስለሚይዙ ከዚያ ወዲያ ማፍላት አይለያቸውም።

አክስት፦ አየህ፣ በጠየቅሁህ ቁጥር ቅንጣትህ አዲስ ጠባይ ታወጣለች። ባቄላ ላይ መሳሳብ ነበረ፤ አረቄ ላይ ከባዳ ጋር መሳሳብ ተጨመረ። በዚህ ዓይነትማ እኔም ድስቴን በየቀኑ አዲስ ጠባይ ልሰጣት እችላለሁ።

መምህር፦ አዲስ አልጨመርኩም። ባይሳሳቡማ አረቄና ውሃ እንደ ዘይትና ውሃ ተለያይተው በቆሙ ነበር። ከፈለጉ ሌላ ላሳይዎ። ግማሽ ሊትር ንጹሕ አልኮልና ግማሽ ሊትር ውሃ ቢቀላቅሉ አንድ ሊትር አይሞላም። ከመቶ ሦስት ያህል ይጎድላል፤ ሚዛን ላይ ቢያወጡት ግን ክብደቱ አንዲት አልጎደለም። ወዴት ሄደ? ቁስ ክፍተት የሌለው ጥፍጥፍ ቢሆን ይህ ሊሆን አይችልም። ቅንጣቶች ከሆኑ ግን የሁለቱ ዓይነት ተቀላቅለው ይበልጥ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ።

አክስት፦ ኧረ! እኔ ጎድሎ ባየሁት ቁጥር ያመጣልኝን ሰው ስረግም ኖሬያለሁ። ይህችኛዋ ነካችኝ። ግን አባቶቻችን እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃ፣ መሬት ብለው በአራት ጨርሰውታል። እናንተ 118 አደረሳችሁት አሉ። የፋሲል ግንብ በአራቱ ተሠርቶ ይኸው ቆሟል።

መምህር፦ ቆሟል፤ ድንጋዩን የያዘው ኖራ ነው። ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 100 ኪሎ ቢያቃጥሉ የሚተርፍዎ 56 ኪሎ ነው፤ ቀሪው በጋዝ መልክ ይሄዳል። ከዚያ በውሃ አብኩተው ግድግዳ ላይ ሲለስኑት ያንኑ ጋዝ ከአየር ላይ ቀስ ብሎ መልሶ ይወስድና እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ግንበኞቹ ይህን በእጃቸው ያውቁት ነበር። ለምን 56 ሆነ፣ ለምን 60 አልሆነም ለሚለው ግን አራቱ መልስ የላቸውም። የአተሞቹን ክብደት ደምሮ የሚቀንስ ልጅ በእርሳስ ያገኘዋል።

አክስት፦ እሺ፣ ሒሳቡ ይስማማል። ሒሳብ የሚስማማለት ሁሉ አለ ማለት ነው? አይተኸዋል?

መምህር፦ አላየሁም ማለት የለም ማለት አይደለም። ጀምስ ብሩስ የሚባል ተጓዥ በ1770 እ.ኤ.አ. በሊማሊሞ ወጥቶ ጎንደር ሲገባ በእኛ በኩል ነው ያለፈው። የሰሜን ተራሮች ላይ በረዶ አላየሁም ብሎ ጻፈ። ከእሱ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ግን አዱሊስ ላይ በድንጋይ የተቀረጸ የአክሱም ዘመን ጽሑፍ የሰሜን ሰዎች አገር በረዶ የለበሰ፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት መሆኑን ይናገራል፤ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዘመን ገልብጦ ስላቆየልን እናውቀዋለን። ከብሩስ ወዲህ ደግሞ ሄንሪ ሶልት የሚባል ተጓዥ በረዶውን በዐይኑ አይቶ መሰከረ። ብሩስ ለምን እንዳላየም ተናገረ፦ ከግርጌው አልፎ አልወጣም።

አክስት፦ ግርጌው እኛ ነና! ነገር ግን ይህ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ሶልት አየ። ቧሂት ላይ ያለ እረኛም ያየዋል። አተም ላይ ማን ወጣ?

መምህር፦ ይህን የጠየቁ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ቪየና ላይ ኤርንስት ማክ የሚባል ስመ ጥር የፊዚክስ ሊቅ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ድረስ አተም ለሒሳብ የሚመች ሐሳብ ነው እንጂ መኖሩን አልቀበልም ይል ነበር። ክርክሩን ያጠበበው ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ብናኝ ነው። ብራውን የሚባል የዕፅዋት ሊቅ በ1827 እ.ኤ.አ. በማይክሮስኮፕ ሲያየው ብናኙ ያለ ዕረፍት ይርገበገባል። በ1905 አንስታይን ውሃው ከሚንቀሳቀሱ ቅንጣቶች ከተሠራ ብናኙ በዚህ ያህል ጊዜ ይህን ያህል ሊርቅ ይገባል ብሎ አሰላ። ፔራን የተባለ ፈረንሳዊ ለክቶ አገኘው፤ በ1926 ኖቤል ተሸለመበት። ቅንጣቶቹንም ቆጠራቸው፤ በአንዲት የውሃ ጠብታ ውስጥ ከአንድ ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ አሉ። በ1981 ደግሞ በጣም የሾለ መርፌ አተም በአተም እየዳበሰ ሥዕላቸውን የሚያወጣ መሣሪያ ተሠራ።

አክስት፦ መርፌ ዳብሶ ማሽን የሣለውን ማየት ትለዋለህ?

መምህር፦ እርስዎስ ነፋስን አይተውት ያውቃሉ?

አክስት፦ ነፋስ ፊቴን ይመታኛል።

መምህር፦ ፊትዎን የሚመታዎት እኮ እነሱው ናቸው። ነፋስ ባይኖርም፣ ዝም ባለ ቤት ውስጥ እንኳ የአየር ቅንጣቶች በሰከንድ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ይከንፋሉ።

አክስት፦ በሰከንድ ግማሽ ኪሎ ሜትር? ታዲያ ጎረቤቴ ቡና ስትቆላ ሽታው ቆይቶ ቆይቶ የሚደርሰኝ በበቅሎ እየመጣ ነው?

መምህር፦ ልክ ይህንኑ ነው በ19ኛው መቶ ዘመን የተቃወሙት ሰዎች የጠየቁት፤ ክላውዚየስ የሚባል ጀርመናዊ በ1858 መለሰላቸው። ቅንጣቷ ትከንፋለች፣ ግን አትሻገርም፤ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ከሌሎች ጋር እየተላተመች ወደ ኋላም ወደ ጎንም ትመለሳለች። የሽታው መዘግየት የግጭቱን ብዛት ለማስላት ረዳ። ተቃውሞው ሐሳቡን አልጣለውም፣ አጠራው።

አክስት፦ ይሁን፣ ይጋጩ። አንዷ ቅንጣት ብቻዋን ትሞቃለች?

መምህር፦ አትሞቅም፣ አትቀዘቅዝም። ትፈጥናለች ወይም ትዘገያለች። ቴርሞሜትር የሚነግረን የእጅግ ብዙዎችን አማካይ እንቅስቃሴ ነው። ቅዝቃዜ ወለል ያለውም ስለዚህ ነው፤ ከዜሮ በታች 273 ገደማ ላይ ከቅንጣቶቹ ሊወሰድ የሚችል እንቅስቃሴ ያልቃል። ወደ ላይ ግን ሙቀት እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም።

አክስት፦ ሁሉ ነገር ከነሱ ነው የተሠራው ካልክ፣ እነሱ ደግሞ ሙቀት ከሌላቸው፣ እጄን ያቃጠለኝ ከየት መጣ?

መምህር፦ ከብዛታቸው። ገበያ ውስጥ የገብስ ዋጋ አለ፤ አንድ ሰው ብቻውን ሜዳ ላይ ቢቆም ግን ዋጋ የለም። ዋጋው ያለው በመካከላቸው ነው።

አክስት፦ ገበያ ላይ ያለው ሰው ያስባል፣ ይከራከራል፣ ይዋሻል፤ ዋጋ የሚወጣው ፈላጊ ስላለ ነው። የማያስቡ ነገሮች ተሰብስበው የሚያቃጥል ነገር እንዴት ይወጣቸዋል? አማካይ ያቃጥላል? እኔ አማካይ ነክቶኝ አያውቅም።

መምህር፦ የነካዎት አማካዩ አይደለም፤ የጋለው ድስት ቅንጣቶች የእጅዎን ቅንጣቶች ሲያናውጡ ነው። ሕመሙ ግን የእርስዎ ነው። ስለ ሕመሙ የእኔ ትምህርት ብዙ አይናገርም።

አክስት፦ ዋናውን ትተኸዋላ።

መምህር፦ ትቼዋለሁ፤ ሌላውን መለካት የቻልኩት እሱን ስለተውኩ ነው። ስሜትማ ያታልላል። አንድ ሌሊት ቤት ውስጥ ያደረ ብረትና እንጨት ይንኩ፤ ብረቱ የባሰ ይበርዳል ይላሉ፣ ቴርሞሜትር ግን ለሁለቱም አንድ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ብረቱ የእጅዎን ሙቀት ቶሎ ስለሚወስድ ነው።

አክስት፦ ቴርሞሜትርም ያታልላል። አንዳንድ ኅዳር 2 ወይም 3 ዲግሪ እያለ ባቄላው በውርጭ ተቃጥሎ ያድራል።

መምህር፦ የለካው አየሩን ነዋ። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ቅጠሉ ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል። በአየር ያለው እርጥበት ውሃ ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ሆኖ ይለብሰዋል። በቅጠሉ ሕዋሳት መካከል የሚረጋው በረዶ ደግሞ ውሃውን ከውስጣቸው ስቦ ያደርቃቸዋል፤ ጠዋት የተቃጠለ የሚመስለው ለዚህ ነው።

አክስት፦ ደመና ያለ ሌሊት ውርጭ እንደማይጥል የማያውቅ ገበሬ የለም። ላይ ተራራው ያለው ጅብራ እንኳ ቅጠሉን ሰብስቦ ነው የሚያድረው። አተም ማን አስተማረው?

መምህር፦ ጅብራ ያን የተማረው ያልሰበሰቡት እየሞቱ ነው። እኛ እንዲያ መማር የለብንም።

አክስት፦ እስካሁን የነገርከኝ ሁሉ የሆነውን ነው። ከሆነ በኋላ ምክንያት የማይሰጥ ማን አለ? ያልሆነውን ንገረኝ።

መምህር፦ ይጻፉልኝ። ሳንቃ በር ላይ፣ 3250 ሜትር ገደማ፣ ውሃ በ89 ይፈላል። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ በ85።

አክስት፦ ወጥተን ሳንቃ በር ላይ 92 ብናገኝስ? አተሙን ትተዋለህ ወይስ ቴርሞሜትሯን ትከሳለህ?

መምህር፦ መጀመሪያ ቴርሞሜትሯን።

አክስት፦ እሷ ደህና ብትሆን?

መምህር፦ ውሃውን። ጨው በዝቶበት ይሆናል። ከዚያ ከፍታው በትክክል መለካቱን።

አክስት፦ አተምህ ዘበኛዋ ብዙ ነው። አንዲስ ላይ የነበሩት ሰዎችም ድስት እየቀያየሩ ቢከስሱ ኖሮ ተከሳሽ አያጡም ነበር። አንተ የምትሸነፈው መቼ ነው?

መምህር፦ አንድ ድስትና አንድ ቴርሞሜትር አያሸንፈኝም፣ አልዋሽዎትም። ከመተማ እስከ ራስ ደጀን የተለያዩ ሰዎች በተለያየ መሣሪያ ለክተው ቁጥሩ ከከፍታው ጋር ሳይወርድ ቢቀር እሸነፋለሁ።

አክስት፦ ያኔም የምትወድቀው የአየር ክብደት ናት። ቅንጣቷ አትወድቅም፤ ለድስቱ አታስፈልግም ብለን ተስማምተናል። እሷን የሚጥላት ምንድን ነው?

መምህር፦ ቆጠራው። ፔራንና ሌሎች ቅንጣቶቹን በማይገናኙ ብዙ መንገዶች ቆጠሯቸው፤ በብናኙ መርገብገብ፣ በሰማዩ ሰማያዊነት፣ በራዲዮአክቲቭ ጨረር። የተለያየ ቁጥር ቢያገኙ ኖሮ አተም ያኔ ባለቀለት ነበር። ቁጥሮቹ ተቀራረቡ።

አክስት፦ አንተ ቆጥረሃል?

መምህር፦ አልቆጠርኩም።

አክስት፦ እንግዲያ ድስቱን እኔም አንተም እንፈትናለን፤ ቅንጣቷን ግን አንተም በሰው ቃል ነው የያዝካት።

መምህር፦ ግማሹን። ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አለ። ወተት በውሃ በጣም አቅጥነን አንዲት ጠብታ ብናደርግበት የስቡ ነጠብጣቦች ሲርገበገቡ በዐይንዎ ያያሉ።

አክስት፦ ወተቱን እኔ አመጣለሁ። ሲርገበገብ ባየው ግን ሕይወት ያለው ነገር አለበት ነው የምልህ። እርጎ እንዴት እንደሚሆን እኔን አትነግረኝም።

መምህር፦ ብራውንም ያንኑ ጠርጥሮ ነበር። ስለዚህ የድንጋይ ዱቄት ሞከረ። እሱም ተርገበገበ።

አክስት፦ እንግዲያው ድንጋዩን ራሴ እፈጨዋለሁ። ያንተን ዱቄት አላምንም።